የቃኘው ሻለቃ ወረቀቶችና የቤት ግድግዳ

ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ወደ ኮሪያ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ወታደሮች ሲሠዉ፣ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። የዘማቹ የምስክር ወረቀትና ደብዳቤ በየቤቱ የዚህ ታሪክ ማስረጃ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ፣ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ዘመን፣ ከግድግዳ ወርዶ ሣጥን የገባ ወረቀት ቢኖር ጨለማው ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም። ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ቀስ በቀስ ይሰባበራልና፤ ብርሃንም ቀለሙን ያደበዝዛል፤ የደበዘዘውም ተመልሶ አይደምቅም። ስለዚህ በመስታወት ውስጥ ለእንግዳ የሚታየው ቅጂው ይሁን፤ ዋናው ግን አሲድ በሌለው ወረቀት ተሸፍኖ፣ ከክረምት እርጥበትና ከፕላስተር ርቆ በጨለማ ይቀመጥ። አባት በጦር ሜዳ ያላስማረከውን ስም ልጅ በሳሎኑ ለፀሐይ አሳልፎ ሊሰጥ አይገባውም።