ጫማችንን በር ላይ ደርድረን

አየር ጤና ባደግንበት ግቢ አምስት ተከራይ ቤተሰብና አንድ ቴሌቪዥን ነበር። ቴሌቪዥኑ የአከራያችን ነው። የአባባ ተስፋዬ ሰዓት ሲደርስ እግራችንን ታጥበን፣ ጫማችንን በር ላይ ደርድረን፣ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። የተጣላ ሁሉ ለዚያች ሰዓት ይታረቃል፤ የረበሸ ይባረራላ!

ነገሩ ግን ከእኛ በፊት የጀመረ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ተስፋዬ ሣህሉ የቴአትር ሰው ነበሩ። ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን ሴት ሆነው ተጫውተዋል፤ ኮሪያ የዘመተውን ጦራችንንም እዚያው ድረስ ሄደው አዝናንተዋል። ከዚያ ወደ ልጆች ዞረው ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት አወሩ። እናቶቻችን በጥቁርና ነጭ ያዩዋቸውን ሰው እኛ በቀለም አየናቸው።

ከፍ ስንል የአዳነች ወልደገብርኤል «ገመና» መጣ፤ ቀጥሎ «ሰው ለሰው»። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ማታ የሠራው ተንኮል፣ ጠዋት ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች ታክሲ ውስጥ ይወራ ነበር። ረዳቱም ተሳፋሪውም ያዩት አንድ ነገር ነዋ!

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ አብረን ያየነው ምርጫ ስላልነበረን ነው። ጣቢያው የመንግሥት ነው፤ ድራማውን ስንጠብቅ ዜናውንም አብረን ውጠናል። ስለዚህ «የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር» ብለን አንዋሽም። በ2008 ዓ.ም. ቃና በአማርኛ የሚናገሩ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የእኛም ቤት ገብቷል፤ እናቶቻችንም ወደውታል። ምን ያደርጋል፣ የቱርኩ ሰውዬ አማርኛ ቢናገርም ዕድራችንን አያውቀውም፤ የቤት ኪራያችንም አያስጨንቀውም።

አባባ ተስፋዬ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የዚያ ግቢ ልጆች ከተበተንበት ተደዋወልን። ሁላችንም ተረቶቹን እንደምናስታውስ እርግጠኛ ነበርን።

በቀደም ዕለት የአራት ዓመት የእህታችንን ልጅ ከስልክ ላይ አስነስተን፣ እንደ ደንቡ «ተረት ተረት» አልነው። «የላም በረት» ብሎ እንደሚመለስ አያውቅም፤ ዝም ብሎ አየን። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ነግረነው አናውቅም። እኛም ብንሆን ስለ ጦጣዋ ጀምረን መሐል ላይ ጠፋብን፤ እናታችን ከጓዳ ሆና ጨረሰችልን።