ካርቱም ሱቅ ሲቀጠሩ ምን ይጠየቁ ነበር?

ካርቱም ውስጥ ሱቅ ለመቀጠር የሄደ ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሥራው አልነበረም። «ሚኑ አልጃበክ?» ነበር፤ ማን አመጣህ? ባለ ዱካኑ የሚፈልገው ዳሚን ነው፤ እኛ ተያዥ የምንለው። አገር ቤት ተያዥ ፎርም ይሞላል፣ የደመወዝ ማስረጃ ያቀርባል። እዚያ ግን ዴም ሰፈር የሚታወቅ አንድ የቆየ ሰው አብሮ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ «አውቀዋለሁ» ይላል፤ አለቀ። ሒሳብ ከጎደለ የሚጠራውም እሱ ነው። ሰው የሌለው ሰው ሒሳብ ቢያውቅም በሩ ላይ ይቀር ነበር።

ለምን ወረቀት አልተጠየቀም? ነገሩ የሚጀምረው በ1974 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አገራችን በአብዮቱ ስትናወጥ፣ ሱዳን በዚያው ዓመት የጥገኝነት ሕግ አወጣች። ስደተኛ ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣ፣ ለመሥራትም የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲይዝ አዘዘች። ስለዚህ ገዳሪፍ፣ ኡም ራኩባ ካምፕ ተመዝግቦ ካርቱም የገባ ሰው፣ ገና አፉን ሳይከፍት ከሕግ ውጭ ነው። ከሻ በመጣ ቁጥር ተደባቂ ነበር። ይህ ለባለ ዱካኑም ይመቸው ነበር ብንል አናጋንንም፤ ወረቀት የሌለው ሠራተኛ በደመወዝ አይከራከርም። ደጎች ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን ደመወዙን አላሳደገውም።

ለሴቶች ደግሞ ሌላ አጥር ነበር። በመስከረም 2000 የካርቱም ገዥ ሴቶች በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በነዳጅ ማደያ እንዳይሠሩ ከለከለ። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ወዲያው አገደው፤ የሕዝብ ሥርዓት ሕጉ ግን እስከ 2019 መጨረሻ ቆየ። እህቶቻችን ከሱቅ ይልቅ ሰው ቤት ወይም ሻይ መሸጥ ላይ የበዙት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዳሚኑ ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ቁጥር ነው፤ ለእኛ ግምት ከሁሉም ፍትሐዊው እሱ ነበር፣ ምክንያቱም ይጠናል። በ1992 ዲናር መጣ፤ አንዱ ዲናር አሥር ፓውንድ። ገበያው ግን በፓውንድ መቁጠሩን አልተወም። ደንበኛው «ሰባት ሺህ» ሲል ሰባት መቶ ዲናር ማለቱ ነው፤ የአንድ ሺህ ዲናር ኖት ከሰጠህ ሦስት መቶ ትመልሳለህ፣ አፍህ ግን «ሦስት ሺህ» ይላል። ይህን ለምደን ሳንጨርስ፣ በ2007 አዲሱ ፓውንድ መቶ ዲናር ተክቶ መጣ። ያው «ሰባት ሺህ» አሁን ሰባት ፓውንድ ሆነ። ባለ ዱካኑ ሃያ ፓውንድ አውጥቶ «ሰባት ሺህ ገዛሁ፣ ባቂ ስንት?» ሲል፣ አሥራ ሦስት ፓውንድ ቆጥሮ «አሥራ ሦስት ሺህ» ያለ ተቀጠረ። ወደ ጣሪያው ያየ ተመለሰ።

ሰዓትም አለ። «ሰዓት አሽራ ና» የተባለ አዲስ መጪ፣ ቃሉን ተርጉሞ በእኛ አሥር ሰዓት ከደረሰ ስድስት ሰዓት አርፍዷል። የተቀጠሩበት ጠዋት አራት ሰዓት ነበር።

ነዳጁ በ1999 መላክ ከጀመረ በኋላ ከተማው ተለወጠ። አፍራ ሞል በ2004 ተከፈተ። እንዲህ ባለ ቦታ ዋጋውን ማሽኑ ስለሚያነበው የሺሁ ፈተና ዋጋ አጣ፤ ጥያቄው «ኢቃማህ የት አለ?» ሆነ። የቀረው ሰው ወደ ዐረብ ገበያና ኦምዱርማን ወዳለው ሊቢያ ገበያ ተመለሰ።

ከዚያ ሚያዝያ 15፣ 2023 ጦርነቱ ፈነዳ። ሱቆቹ ተዘረፉ፤ ብዙዎቻችን በገዳሪፍ፣ በገላባት አድርገን መተማ ገባን። አሁን ጎንደርም አዲስ አበባም ሥራ ስንጠይቅ የሚባለው «የሥራ ልምድ ደብዳቤ» ነው። አሥር ዓመት ዱካን ጠብቆ፣ ጠዋት ከፍቶ ማታ ሒሳብ ዘግቶ ያስረከበ ሰው አንድ መስመር የተጻፈለት ነገር የለውም። ማኅተም ያለው ባለ ዱካን ድሮም ጥቂት ነበር።

መተማ ዮሐንስና ጎንደር ሱቅ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣባችሁ የቀድሞ ባለ ዱካኑን ስልክ ጠይቁት። ዛሬ ካይሮ ወይም ፖርት ሱዳን ይሆናል፤ ብዙዎቹ ግን የድሮ ቁጥራቸውን አልቀየሩም።