532 እና 40፦ ሁለት የዘመን ቁጥሮች በሜጫ ምድር

የአምቦን፣ የጉደርንና የጌዶን አካባቢ ያለፈ ዘመን የሚመረምር ሰው ሁለት ቁጥሮችን ማወቅ አለበት፦ የቤተ ክርስቲያንን 532 እና የገዳን 40። ሁለቱም ለታሪክ ምስክርነት የበቁት ከትንንሽ ቁጥሮች ብዜት ስለተሠሩ ነው እላለሁ፤ በቃል ሊያዙም፣ ስህተታቸው ሊጋለጥም የቻለው በዚህ ነው። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዐቢይ ቀመር የሚሉት 532 የ19 እና የ28 ብዜት ነው። በ19 ዓመት ጨረቃ ከፀሐይ ጋር ትገጥማለች፤ በ28 ዓመት ደግሞ አራቱ ወንጌላውያንና ሰባቱ ዕለታት ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። 19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ ዑደቶች ከ532 ዓመት በፊት አብረው አይፈጸሙም። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 በአዲስ ዓለምና በአምቦ የተከበረው ፋሲካ፣ በአፄ እስክንድር ዘመን በ1485 ዓ.ም.ም የዋለው በዚያው ቀን ነበር። ስሌቱን እንየው። 5500 እና 2017 ሲደመሩ 7517 ይሆናሉ፤ በ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ተትቶ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል፤ ድምራቸው 30። 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሚሞሉ ይህ ድምር በየዓመቱ ይጠበቃል፤ የተሳሳተ ተማሪ ወዲያው ይታወቅበታል። መሠረቱ ከእስክንድርያ መምጣቱ እውነት ነው፤ እዚህ ግን ለዘመናት በቃል እየተጠና የኖረ ዕውቀት ሆኗል።

ኦዳ ቢሲልን ማዕከሉ ያደረገው የሜጫ ገዳ ደግሞ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ያስረክባል፤ አምስት ምድብ ሲዞር 40 ይሞላል። የገዳን ቆጠራ ከነገሥታት ዘመን ጋር በብራና ላይ ያገናኘው መነኩሴው አባ ባሕርይ ነው። በ1593 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲጽፍ ከመልባ እስከ ሙለታ ዘጠኝ ሉባዎችን (በየተራ ሥልጣን የያዙ የገዳ ምድቦችን) በስምና በተራ ዘርዝሯል፤ ዘጠኝ ስምንት 72 ዓመት ነው። በጦርነት ዘመን ርክክብ ሊዘገይ ስለሚችል ስምንቱ በቁሙ አይታመንም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ አንድ ርክክብ ሁለት ዓመት ቢዘገይ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። ይሁንና ባሕርይ መልባን በልብነ ድንግል ዘመን ያስቀምጣል፤ እሱ ራሱ የጻፈው በሠርፀ ድንግል ዘመን ነው፤ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል የሚገኘው ርቀትም ከ72 ጋር ይስማማል። ሌላም መፈተኛ አለ፦ ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉ፤ ስምንት በአራት ስለሚካፈል፣ ያልተዛነፈ ገዳ ሁልጊዜ የሚረከበው በአንድ ወንጌላዊ ዓመት ነው። ስለዚህ ሁለት የተመዘገቡ ርክክቦች አንዱ በማርቆስ፣ ሌላው በሉቃስ ቢገኙ፣ በመካከላቸው የስምንት ዓመቱ ሥርዓት መዛነፉ ይታወቃል።