ሮሌክስ ወይስ ኦሜጋ? ፈተናውን ያለፈውና ገበያውን የወሰደው

«ሮሌክስ ይሻላል ወይስ ኦሜጋ?» የሚለው ክርክር የሀብታሞች ጨዋታ ይመስላል። ገንዘብ ያለው ይምረጥ፣ የሌለው ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን ይይ ተብሎ ሊታለፍ የሚችል ነገር ነው። ከክርክሩ ጀርባ ያለው ታሪክ ግን የሀብታሞች ብቻ አይደለም። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሠራተኛ እንጀራውን ያጣበት፣ ፈተናውን ያለፈው በገበያ የተቀደመበት፣ አዲሱን ነገር ቀድሞ በእጁ የያዘው ደግሞ ሳይጠቀምበት የቀረበት ታሪክ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

▪️ ሰዓት ሠሪውና ነጋዴው

በዕድሜ ኦሜጋ ይበልጣል። ሉዊ ብራንት የተባለ የ23 ዓመት ወጣት በ1848 ላ ሾ-ደ-ፎን በምትባል የስዊዘርላንድ ተራራማ ከተማ ሥራ ጀመረ። በየቤቱ የሚሠሩ ባለሙያዎች ያዘጋጁትን ዕቃ ሰብስቦ ይገጣጥማል፤ ከዚያም አውሮፓን እየዞረ ይሸጣል። ልጆቹ ሥራውን በ1880 ወደ ቢየን አዛወሩትና ፋብሪካ አቆሙ። በ1894 ያወጡት ሞተር ክፍሎቹ በማንኛውም ሰዓት አዳሽ እጅ ተፈትተው በሌላ የሚተኩ ነበሩ። ስሙን «ኦሜጋ» አሉት። አልፋና ኦሜጋ ሲባል ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ መጨረሻው፣ ከዚህ በላይ የሌለ ማለት ነው።

የሮሌክስ መሥራች ግን ሰዓት ሠሪ አልነበረም። ሃንስ ዊልስዶርፍ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ ጀርመናዊ ሲሆን በ1905 ለንደን ውስጥ ከአማቹ ከአልፍሬድ ዴቪስ ጋር የንግድ ቤት ከፈተ። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ ሰዓቱን የሚይዘው በኪሱ ነው። የእጅ ሰዓት የሴቶች ጌጥ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ትንሽ ስለሆነም ትክክል ይቆጥራል ብሎ የሚያምን አልነበረም። ዊልስዶርፍ የተወራረደው በዚህ በተናቀ ዕቃ ላይ ነው። በ1908 «ሮሌክስ» የሚለውን ስም አስመዘገበ፤ አጭር ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ አፍ ላይ ይቀላል፣ በሰዓቱ ፊት ላይም ይበቃል። በ1914 የእንግሊዝ ኪው ኦብዘርቫቶሪ ከዚያ በፊት ለመርከብ ሰዓቶች ይሰጥ የነበረውን ከፍተኛ ደረጃ ለአንድ የሮሌክስ የእጅ ሰዓት ሰጠ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድርጅቱ ወደ ጄኔቫ ተዛወረ። የሰዓቶቹ ሞተር ግን የሚሠራው በዚያው በኦሜጋ ከተማ፣ በቢየን ነበር።

ልዩነቱ ከመነሻው እንዲህ ነበር። አንዱ ከሥራ ጠረጴዛ ተነስቶ ገበያ ወጣ። ሌላው ከገበያ ተነስቶ ሥራውን የሚሠራለት ፈለገ።

▪️ ሳትሻገር የቀረችው ዋናተኛ

ሮሌክስ በ1926 ውኃ የማያስገባውን «ኦይስተር» አወጣ። ጥሩ ዕቃ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብን ማሳመን ሌላ ነው። በጥቅምት 1927 መርሴዲስ ግላይትዘ የተባለች እንግሊዛዊት የእንግሊዝን ቻናል በዋና ተሻገረች። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሴት እኔም ተሻግሬያለሁ ብላ ከተናገረች በኋላ ውሸት መሆኑ ስለታወቀ፣ የግላይትዘም ድል ተጠራጣሪ በዛበት። ስለዚህ እንደገና ልትዋኝ ተነሳች። ዊልስዶርፍ ይህን ሲሰማ አንድ ኦይስተር ሰጣት፤ እሷም አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባች።

ውኃው እጅግ ቀዝቃዛ ስለነበር ከ10 ሰዓት በላይ ከታገለች በኋላ ወደ ጀልባ አወጧት፤ ሁለተኛውን ዋና አልጨረሰችም። ሰዓቱ ግን እየሠራ ወጣ። ከአንድ ወር በኋላ ሮሌክስ የዴይሊ ሜይልን የፊት ገጽ በሙሉ ገዝቶ ነገሩን ለዓለም አወጀ። ዛሬ ታዋቂ ስፖርተኛ እጅ ላይ ሰዓት አስሮ የማስተዋወቅ ልማድ ከዚህ ብዙ ተምሯል። ድርጅቱ የዋናውን ውጤት ወደ ጎን ትቶ የሰዓቱን ውጤት ሸጠ።

ኦሜጋ በበኩሉ በመለኪያ ሥራ ስም አወጣ። በ1932 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሲደረግ አንድ ሰዓት ሠሪ 30 ክሮኖግራፎች ይዞ ከስዊዘርላንድ ተላከ፤ የኦሊምፒኩ ሁሉ ሰዓት የሚቆጠረው በእነሱ ነበር።

▪️ ናሳ ሲመርጥ

በ1964 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ጠፈርተኞቹ የሚያስሩት ሰዓት ፈለገና ለበርካታ ኩባንያዎች ጥያቄ ላከ። መልስ የሰጡት አራት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ያቀረበው የኪስ ሰዓት ስለሆነ ገና ከበሩ ተመለሰ። ሦስቱ፣ ሮሌክስ፣ ሎንጂንስና ኦሜጋ፣ ወደ ፈተና ገቡ።

ፈተናው 11 ዓይነት ነበር። በ71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ48 ሰዓት፣ ከዚያም በ93 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማቆየት አንዱ ነው። ከቅዝቃዜ፣ ከእርጥበት፣ ከንዝረት፣ ከድንገተኛ ምት፣ አየር ከሌለበት ክፍል የቀረ የለም። ሮሌክሱ በእርጥበት ፈተና ሁለት ጊዜ ቆመ፤ በሙቀቱም የሰከንድ ቆጣሪው ተጣመመ። የሎንጂንሱ መስታወት በሙቀት ተጣሞ ከቦታው ለቀቀ። ኦሜጋ ስፒድማስተርም ያለ እንከን አላለፈም፤ በአንዱ ፈተና 21 ደቂቃ ቀደመ፣ በሌላው 15 ደቂቃ ዘገየ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ግን እየሠራ የተገኘው እሱ ነው። በመጋቢት 1965 ለበረራ ብቁ ተባለ።

በሐምሌ 1969 ባዝ ኦልድሪን ስፒድማስተሩን አስሮ ጨረቃን ረገጠ። ኒል አርምስትሮንግ የራሱን በመንኮራኩሯ ውስጥ ትቶት ወጥቶ ነበር፤ የመንኮራኩሯ ሰዓት ተበላሽቶ ስለነበር በምትኩ እንዲያገለግል ነው። በሚያዝያ 1970 ደግሞ አፖሎ 13 በፍንዳታ ተጎድታ ወደ ምድር ስትመለስ፣ መስመሯን ለማስተካከል ሞተሯ ለ14 ሰከንድ መነሳት ነበረበት። ያቺን 14 ሰከንድ የቆጠሩት በእጃቸው ባሰሩት ሰዓት ነው።

በሥራ ፈተና ቢሆን ፉክክሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ኦሜጋ አሸንፏል።

▪️ በአበበ ቢቂላ ሁለት ድሎች መካከል

አደጋው የመጣው ግን ከሮሌክስ በኩል አልነበረም። ኢትዮጵያውያን የሚያውቋቸው ሁለት ድሎች የአደጋውን አቅጣጫ አስቀድመው ያሳያሉ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ የውድድሩ ሰዓት ያዥ ኦሜጋ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲደግመው ግን ሰዓት የያዘው የጃፓኑ ሴይኮ ነው። በ1968 ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ሲያሸንፍ ሥራው ወደ ኦሜጋ ተመልሶ ነበር። ይሁንና ቶኪዮ ላይ የታየው ነገር አልተመለሰም።

ሴይኮ ለቶኪዮ ካቀረባቸው መሣሪያዎች አንዱ በኳርትዝ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ሰዓት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ መሣሪያ ቁም ሣጥን ያህል ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚሞላ ሰዓት ጉልበቱን የሚያገኘው ከተጠቀለለ ሞላ ሲሆን፣ በሰከንድ አምስት ወይም ስምንት ጊዜ ያህል ይመታል። ኳርትዝ የተባለው ድንጋይ ግን ከባትሪ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይርገበገባል። ምቱ በበዛና በተስተካከለ ቁጥር ስሕተቱ ያንሳል።

ታኅሣሥ 25 ቀን 1969፣ ሰው ጨረቃን ከረገጠ አምስት ወር ሲሞላ፣ ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት «አስትሮን»ን ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ ቶዮታ ኮሮላ የሚገዛ ገንዘብ ማለት ነው። ስሕተቱ በወር አምስት ሰከንድ ብቻ ሆነ። ጥሩ የተባለ የሚሞላ ሰዓት ይህን ያህል በአንድ ቀን ይስት ነበር።

የሚያሳዝነው ስዊዞቹ ይህን አለማወቃቸው አይደለም። ያውቁ ነበር። ሮሌክስና ኦሜጋን ጨምሮ ወደ 20 የሚሆኑ ኩባንያዎች ገንዘብ ያዋጡለት የኔሻቴል ምርምር ማዕከል በ1967 የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ናሙና ሠርቶ ነበር። ናሙናው ወደ ገበያ ለመውጣት እስከ 1970 ቆየ። ከወጣም በኋላ ኢንዱስትሪው በሙሉ ልቡ አልያዘውም። በሞላና በጥርስ ክብሩን ያገኘ ሰው ባትሪን እንደ መጫወቻ ቢያይ አይገርምም።

▪️ የወደቀውና የቆመው

ጥፋቱን ሁሉ ኳርትዝ ላይ መጫን ግን ልክ አይሆንም። በ1970 አንድ ዶላር ከ4 የስዊዝ ፍራንክ በላይ ያወጣ ነበር፤ በ1978 ከ2 ፍራንክ በታች ወረደ። አንድ የስዊዝ ሰዓት ምንም ሳይለወጥ በአሜሪካዊው ገዢ ኪስ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ኢንዱስትሪውም በብዙ መቶ ትናንሽ ድርጅቶች የተበጣጠሰ ነበር። ሁለቱ ነገሮች ከጃፓን ርካሽ ኳርትዝ ጋር ተገናኙ። በ1970 ወደ 90,000 የነበረው የሰዓት ሠራተኛ ቁጥር በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ ሙያ የኖሩባቸው ከተሞች ባዶ ፋብሪካ ታቅፈው ቀሩ።

ኦሜጋ ለመዳን ሁሉንም ለመሆን ሞከረ። ውድም ርካሽም፣ የሚሞላም የባትሪም፣ ቁጥራቸው የበዛ ሞዴሎች አወጣ። ገዢው ኦሜጋ ማለት ምን እንደሆነ ጠፋበት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባለቤቱ የነበረው ቡድን በባንኮች እጅ ወደቀ። በቤይሩት የተወለደው አማካሪ ኒኮላስ ሃየክ ባቀረበው ሐሳብ ሁለቱ ታላላቅ የስዊዝ ቡድኖች በ1983 ተዋሐዱ። በዚያው ዓመት የወጣው ባለ 51 ክፍል የፕላስቲክ ኳርትዝ ሰዓት፣ «ስዋች»፣ የገንዘብ ምንጭ ሆነ። ጨረቃ የረገጠውን ስም ያዳነው የፕላስቲክ ሰዓት ነው።

ሮሌክስ ተቃራኒውን አደረገ። ኳርትዝ ሠርቷል፤ ግን በልክ። ዋናውን ኦይስተር አልለቀቀም፣ መልኩንም ብዙ አልቀየረም። ይህን ያህል ለመታገሥ ያስቻለው አንዱ ነገር የባለቤትነቱ ሁኔታ ነው። ዊልስዶርፍ ሚስቱ በ1944 ከሞተች በኋላ፣ ልጅም ስላልነበራቸው፣ ድርጅቱን ሊወርስ የሚችል ፋውንዴሽን አቋቋመ። እሱ በ1960 ሲሞት ሮሌክስ በየሩብ ዓመቱ ትርፍ አምጣ የሚል ባለአክሲዮን አልነበረበትም። ሌላው ሰዓት እየሸጠ ሳለ ሮሌክስ የሚሸጠው «ተሳክቶለታል» የሚለውን ምልክት እንደሆነ ገብቶት ነበር። ባትሪ ደግሞ ምልክትን ሊያሸንፍ አይችልም።

የዚህ ማስረጃ በጥቅምት 2017 ኒውዮርክ ላይ ታየ። ተዋናዩ ፖል ኒውማን ያስረው የነበረ ሮሌክስ ዴይቶና በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ናሳ ፈትኖ የጣለው የሮሌክስ ክሮኖግራፍ ታናሽ ወንድም መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ከተዘጋጀ በኋላ፣ የቤተሰቡ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሳበት ወጣ። ማንም ሰው ለሁለቱም ዕቃዎች ይህን ሁሉ ትኩረት የሰጠው ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ፈልጎ አይደለም።

▪️ እንግዲህ የቱ?

መልሱ ገዢው በሚፈልገው ነገር ይወሰናል፤ ፈላጊው ግን ለራሱ መዋሸት የለበትም። ትክክለኛ ሰዓት የሚፈልግ ሁለቱንም ይተው። ሮሌክስ ዛሬ ቃል የሚገባው በቀን ከ2 ሰከንድ ያልበለጠ ስሕተት ነው። ኦሜጋ በስዊዝ የልኬት ተቋም የሚያስመረምራቸው ሰዓቶች በቀን ከ0 እስከ 5 ሰከንድ ይቀድማሉ። መንገድ ላይ የሚሸጥ ተራ የባትሪ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በወር 15 ሰከንድ ያህል ቢስት ነው። በዚህ መለኪያ ሎሌው ጌታውን ይበልጣል።

ነገ ቢቸግረኝ እሸጠዋለሁ የሚል ሰው፣ እንደ ሞዴሉ ቢለያይም፣ በሮሌክስ ቢያተርፍ ነው፤ ገበያው ስሙን ያምናል። ያው ስም አስመሳይ ሠሪዎችንም ስለሚስብ፣ ከሰዓቱ በፊት ሻጩን ማወቅ ይኖርበታል። የተፈተነ ዕቃ፣ በመዝገብ የሰፈረ ታሪክ፣ ለሚከፍለው ገንዘብም የበለጠ የሥራ ጥበብ የሚፈልግ ደግሞ ኦሜጋን ቢመርጥ ሚዛን የሚደፋ ምክንያት አለው። 93 ዲግሪውን ችሎ የወጣው እሱ ነውና።

የሁለቱ ፉክክር ከሰዓት ገዢው አልፎ ለማንኛውም አምራችና ለማንኛውም አገር የሚለው ነገር አለ። ኔሻቴል ላይ ዕውቀቱም ባለሙያውም ናሙናውም ነበሩ። የጎደለው ትናንት ያስከበረን ነገር ነገ ላያበላን ይችላል ብሎ በጊዜ የሚወስን ሰው ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ውሳኔውን ያዘገዩት አለቆች ብቻ አይደሉም። ከውሳኔው ጠረጴዛ ርቀው፣ አጉሊ መነጽር ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ጥቃቅን ጥርሶችን ሲገጥሙ የኖሩት 60,000ዎቹ ናቸው።