የከነናዊቱ ልመናና የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ትዕግሥት

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15፥ ከቁጥር 21 እስከ 28

ጌታችን ወደ ጢሮስና ወደ ሲዶና አገር በሄደ ጊዜ አንዲት ከነናዊት ሴት ጋኔን ስለ ያዛት ልጅዋ እየጮኸች ተከተለችው። ወንጌላዊው እንደ ጻፈው ይህች ሴት ሦስት ፈተና አገኛት። መጀመሪያ ጌታ አንድ ቃል እንኳ አልመለሰላትም፤ ሁለተኛ ደቀ መዛሙርቱ እንዲያሰናብታት ለመኑት፤ ሦስተኛ የልጆችን እንጀራ ለውሾች መስጠት እንደማይገባ ተነገራት። እርስዋ ግን ከእግሩ አልራቀችም። ጌታ ስለ ምን ዝም አላት ቢሉ፥ ሊነሣት ወዶ አይደለም፤ በልቧ የተሰወረውን ሃይማኖት ለሐዋርያትና ከኋላ ለሚነሡ ሁሉ ሊገልጥ ነው እንጂ። ስለዚህ እናት ስለ ልጅዋ ስትለምን በሁለት ነገር ትፈተናለች፤ አንዱ የልጅዋ መከራ ነው፥ ሁለተኛውም የመልሱ መዘግየት ነው።

የሳሙኤል እናት ሐናም በቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ ያየቻት እንደ ሰከረች ቈጠራት፤ እርስዋ ግን ለመነች፥ አገኘች፥ ያገኘችውንም መልሳ ለእግዚአብሔር ሰጠች። ጢሞቴዎስም ሃይማኖቱን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እንደ ተቀበለ ቅዱስ ጳውሎስ መስክሮላቸዋል።

በአዲስ አበባ በልደታ፥ አብነት በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው ያሉ እናቶች ይህን ነገር በየዓመቱ ያስቡታል። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ሲከበር ጎረቤት ከጎረቤት በደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ኢያቄምና ሐና በመካንነት አዝነው በጸሎት ጸንተው ልጅ ማግኘታቸው ይነገራል። አብነት ማለት አርአያ፥ ምሳሌ ማለት ነውና፥ ከቅዱሳት መጻሕፍት ሌላ ከአገራችን ታሪክ አንዲት እናት ለአብነት ትጠራ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

እቴጌ ሰብለ ወንጌል የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት ነበሩ። በ1529 ዓመት በሽምብራ ኵሬ የንጉሡ ሠራዊት በኢማም አሕመድ ከተሸነፈ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፥ ንጉሡም ከአገር ወደ አገር እየተሰደዱ ኖሩ። በ1539 በአንድ ዓመት ሁለት ሐዘን በእናቲቱ ላይ ወደቀ፤ የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ሞተ፥ ሚናስም ተማረከ። በ1540 ደግሞ ዐፄ ልብነ ድንግል በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ዙፋኑን የወረሱት ዐፄ ገላውዴዎስ በሸዋ በኩል ጥቂት ሠራዊት ይዘው ሲዋጉ እናታቸው በሰሜን በደብረ ዳሞ ተጠግተው ቀሩ። አንድ ልጅ በመቃብር፥ አንድ ልጅ በምርኮ፥ አንድ ልጅ በጦር ሜዳ፤ ባልም የለ። ዝም የተባለችው ከነናዊት ከዚህ የከፋ ዝምታ አልሰማችም።

ነገር ግን የጸሎት ጽናት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የተመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ከምጽዋ መጥተው በደረሱ ጊዜ እቴጌይቱ ከአምባው ወርደው አብረዋቸው ዘመቱ። ከዘማቾቹ አንዱ ሚጌል ደ ካስታኞሶ እቴጌይቱ ቍስለኞችን ያስታምሙ እንደ ነበር ጽፎአል። በ1542 በወፍላ ሠራዊቱ ተሸነፈ፥ ዳ ጋማም ተይዞ ተገደለ፤ እቴጌይቱ ግን ከተረፉት ጋር ጸንተው ልጃቸው ገላውዴዎስ እስኪመጡ ቈዩ። በ1543 በወይና ደጋ ኢማም አሕመድ ሞተ፥ ሠራዊቱም ተበተነ።

በዚያ ወራት ሚናስ በአገር አልነበረም። ኢማሙ ከቱርኮች ርዳታ ሲፈልግ ባሕር አሻግሮ በየመን ወደ ነበረው የቱርክ ሹም ሰድዶት ነበር። ከድሉ በኋላ ደግሞ የኢማሙ ልጅ በክርስቲያኖች እጅ ወደቀ፤ እናቱ ባቲ ድል ወንበራ አምልጣ ነበር። እንግዲህ ሁለት እናቶች፥ አንዲቱ ክርስቲያን አንዲቱ እስላም፥ እያንዳንዳቸው ልጃቸው በሌላው ወገን ተይዞ ተገኙ። የ14 ዓመት ደም ለቈጠረ ሰው ጊዜው ለበቀል የተመቸ ነበር። እቴጌ ሰብለ ወንጌል ግን ከድል ወንበራ ጋር በመልእክት ተስማሙ፤ ልጅ በልጅ ተለወጠ፥ ሚናስም ወደ እናቱ ተመለሰ።

ወንጌሉ የሚተረጐመው በዚህ ላይ ነው። ከነናዊቱ ከእስራኤል ወገን አልነበረችም፤ ጌታ ግን ስለ ልጅዋ ያፈሰሰችውን እንባ አልናቀም። የራስዋን ልጅ እንባ የምታውቅ እናት የጠላትዋን እናት እንባ ካላወቀች ጸሎትዋ ጐዶሎ ነው። እቴጌይቱ የጠላታቸውን ልጅ ሕይወት ጠብቀው በመመለሳቸው የራሳቸውን አገኙ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ እናቶች በልባቸው የሚያመላልሱት ጥያቄ ይነሣል። ሚናስ ተመለሰ፤ ፊቅጦር ግን አልተመለሰም። ዐፄ ገላውዴዎስም በ1555 የአባቶቻቸውን ሃይማኖት በጽሑፍ መስክረው ሳሉ፥ በ1559 በሰሙነ ሕማማት ከሐረር አሚር ከኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ስለ አንዱ ተሰማ፥ ስለ ሌላው አልተሰማም እንበልን ቢሉ፥ አይደለም። ጸሎት እግዚአብሔርን ውል የሚያስገባ ዋጋ አይደለም፤ ልጅን ለፈጠረው አደራ መስጠት ነው እንጂ። አደራ ተቀባዩ አንዱን በእናቱ ቤት ይመልሰዋል፥ ሌላውን በራሱ ዘንድ ያኖረዋል። ሐናም ሳሙኤልን ያገኘችው በቤትዋ ልታስቀረው አልነበረም። ገላውዴዎስ ሃይማኖታቸውን ሳይለቁ መሞታቸው ለእናታቸው ሐዘን ነው፥ ነገር ግን የጸሎታቸው መጥፋት አይደለም።

በዚያ ጊዜ መንግሥቱን የተቀበለው ማን ነው ቢሉ፥ ያ ከባሕር ማዶ የተመለሰው ሚናስ ነው። ዐፄ ሚናስ በ1563 ሲያርፉም የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ ሠርጸ ድንግል ገና በልጅነቱ ነገሠ፤ አያቱም በሕይወት ነበሩና ደገፉት። ከድሉ በኋላ የተደረገው የልጅ ልውውጥ አንዲት እናትን ብቻ ያጽናና መስሎ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን ለአገር ንጉሥ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ልጅዋ የታመመባት፥ በስደት የራቀባት፥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የቀረባት እናት መልሱ ዘገየ ብላ ጸሎትዋን አታቋርጥ። ከነናዊቱ በዝምታው ጊዜ ብትመለስ ኖሮ ሃይማኖትሽ ታላቅ ነው የሚለውን ምስጋና ባልሰማች ነበር። ስለ ራስዋም ልጅ ስትለምን ስለ ጎረቤትዋ ልጅ፥ ስለሚጠላትም ልጅ ትለምን። እንዲህ ያለውን ጸሎት የሚሰማ አምላክ ለእናቶች ሁሉ ትዕግሥትን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።