ለሐኪሞች የተላከ ደብዳቤ

ሲጋራ እንደሚገድል ያልሰማ ከመካከላችሁ የለም። ማስጠንቀቂያው በፓኮው ላይ ታትሟል፤ በቤትም በትምህርት ቤትም ተነግሯችኋል። ይህ እውቀት ግን ከየት መጣ? ታሪኩን ብትከታተሉ ከማስጠንቀቂያው ጋር አብሮ የተገኘ፣ ብዙ ጊዜ ግን የማይነገር የምሥራች ታገኙበታላችሁ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብሪታንያ በሳንባ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር በአስደንጋጭ ሁኔታ ጨምሮ ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት የተነሡት ኦስቲን ብራድፎርድ ሂልና ሪቻርድ ዶል ናቸው። ሂል በወጣትነቱ ሐኪም መሆን ይመኝ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የያዘው የሳንባ ነቀርሳ ያን መንገድ ስለዘጋበት የስታቲስቲክስ ሊቅ ሆነ። ዶል ሐኪም ነበር፤ አጫሽም ነበር። በመጀመሪያ የጠረጠረው ሲጋራን ሳይሆን መንገድ የሚነጠፍበትን ሬንጅ ነበር።

በለንደን በ20 ሆስፒታሎች የተኙ ሕሙማን ስለ አኗኗራቸው ተጠየቁ። 709 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን በሌላ ሕመም ከተኙ 709 ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። ከሁሉ ነገር ተለይቶ የወጣው ሲጋራ ሆነ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ታተመ። ዶል ግን ጥናቱ እስኪታተም አልጠበቀም፤ የገዛ ሥራው ያሳየውን አይቶ ማጨሱን ተወ። ያን ጊዜ በሠላሳዎቹ ዕድሜው መጨረሻ ላይ ነበር።

ብዙዎች አላመኑም። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1951 በብሪታንያ ለሚገኙ 60,000 ለሚጠጉ ሐኪሞች አጭር መጠይቅ ያለበት ደብዳቤ ላኩ። የመጠይቁ ዋና ነጥብ ሐኪሙ ራሱን ከሦስት ወገን በአንዱ እንዲመድብ ነበር፦ አሁን ያጨሳሉ? ቀድሞ አጭሰው ትተዋል? ወይስ አጭሰው አያውቁም? ከ40,000 በላይ የሚሆኑት መለሱ። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ሆነ፤ ከመለሱት መካከል ማን ሞተ፣ በምንስ ሞተ የሚለውን መመዝገብ። በ1954 የመጀመሪያው ውጤት ወጣ፤ በሳንባ ካንሰር ሞት አጫሾቹ ከማያጨሱት እጅግ በልጠው ተገኙ።

እስከዚህ ያለው የታሪኩ ግማሽ ነው፤ የምንሰማውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ የሠሩት ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው። ሰለ ራሳቸው የተጻፈውን ሲያነቡ ብዙዎቹ ማጨስ ተዉ፤ ሌሎቹ ቀጠሉ። በዚህ ምክንያት በአንድ ሙያ፣ በተመሳሳይ ኑሮ ላይ ያሉ ሁለት ወገኖች ተገኙ፦ የተዉና ያልተዉ። ተመራማሪዎቹም ለ50 ዓመት ተከታተሏቸው። ዶል ከሪቻርድ ፒቶና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር የመጨረሻውን ዘገባ በ2004 ሲያወጣ 91 ዓመቱ ነበር።

ዘገባው ሳያቋርጡ ሲጋራ ያጨሱት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሞቱ አሳየ። ቀጥሎ ያለውን ግን ልብ በሉ። በ60 ዓመቱ የተወ ሰው 3 ዓመት ያህል ዕድሜ መልሶ አገኘ። በ50 የተወ 6፣ በ40 የተወ 9 ዓመት ያህል አተረፈ። በ30 ዓመት ገደማ የተወ ሰው ደግሞ ሊያጣው የነበረውን 10 ዓመት ከሞላ ጎደል ሁሉንም አስመለሰ። ዶል ራሱ ትቶ እስከ 92 ዓመቱ ኖረ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰው ማጨሱን ሲያቆም ግን በቀን ባልሞላ ጊዜ መጠኑ ወደ ጤነኛው ልክ ይመለሳል። በአንድ ዓመት ውስጥ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ተጨማሪ ሥጋቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በ10 ዓመት ውስጥ ደግሞ በሳንባ ካንሰር የመሞት ሥጋቱ ማጨስ ከቀጠለው ሰው ግማሽ ያህል ይሆናል። አካል የተፈጠረው ራሱን እንዲጠግን ነው፤ የሚፈልገው መጎዳቱ እንዲቆምለት ነው።

በአገራችንም ትምባሆን ለመከልከል የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ከልክለው ነበር፤ ቅጣቱም አካል እስከ መቁረጥ የደረሰ እንደነበር ተጽፏል። በዘመናችን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያን፣ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶችና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ሕግ ያልጀመረውን ይጠብቃል፤ ለጀመረው ግን መከልከል ብቻውን አይበቃም። የሚመለስበት መንገድ እንዳለ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ይህ ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በወጣቶች ኅብረታችሁ ውስጥ አፉን በማስቲካ አሽትቶ ከኋላ የሚቀመጥ ወንድም ይኖራል። "ሲጋራ ይገድላል" ማለት ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ የተደጋገመ ተግሣጽ እንዲርቃችሁ ካልሆነ በቀር አያስተወውም። "ዛሬ ብትተው የተወሰደብህ ዓመት ይመለሳል" ያለው ሰው ግን ምናልባት የለም። በቤታችሁ "ከእንግዲህማ ምን ዋጋ አለው፣ አርጅቻለሁ" የሚሉ አባት ካሉ፣ በ60 ዓመታቸው የተዉት ሐኪሞች እንኳ 3 ዓመት እንዳተረፉ በአክብሮት ንገሯቸው። ሦስት ዓመት የልጅ ሠርግ ያሳያል፤ የልጅ ልጅ ያሳቅፋል።

እውነቱንም አትደብቁ። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጣና እንቅልፍ ማጣት ያመጣሉ፣ በሳምንታት ውስጥ ግን እየቀለለ ይሄዳል። ከተላቀቁት ብዙዎቹ የተላቀቁት ደጋግመው ሞክረው ነው። ስለዚህ ወንድማችሁ አንድ ጊዜ ቢወድቅ አትሽሹት፤ ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ፣ በሚከብደው ሰዓት ስልኩን አንሡለት።

በዚያ መጠይቅ ላይ "አጭሼ ትቻለሁ" የሚል ቦታ ነበር። ለወንድማችሁም ይህ ቦታ ዛሬም ክፍት ነው።