ብርሃንና ውኃ ለየብቻ

በ1972 እ.ኤ.አ. ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በውኃ ውስጥ የተነከረ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርሃን ሲያርፍበት ውኃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እንደሚከፍል «ኔቸር» መጽሔት ላይ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የብቃት እሽቅድምድም ተደርጎ ይተረካል። እኔ ግን ብርሃን የሚቀበለውን ቁስ ከውኃ የማራቅ ታሪክ ነው እላለሁ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ውኃ አይበላውም፤ ሆኖም የሚጠቀመው አልትራቫዮሌቱን ብቻ ነው፤ ያም ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ ነው። ሲሊከንና ጋሊየም አርሴናይድ ብርሃኑን በደንብ ይውጣሉ፤ ነገር ግን ብርሃኑ የሚፈጥረው ቻርጅ ውኃውን ትቶ እነሱኑ ያጠቃል። ሲሊከን ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቅርፊት ያወጣል፣ ጋሊየም አርሴናይድ ይሟሟል። በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ሴል 12.4 በመቶ ብቃት ቢያስመዘግብም ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠር ነበር።

መፍትሔው ልባስ ሆነ። በ2011 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሲሊከንን 2 ናኖሜትር በሚሆን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሸፈኑ፤ በ2014 ካልቴክ ወፈር ባለ ሽፋንና በኒኬል ከ100 ሰዓት በላይ አሠራው። ሽፋኑ ላይ ዓይን የማያያት ቀዳዳ ካለች ግን ውኃው ሰርጎ ከሥር ይቦረቡረዋል። እንዲህ ያለ ሴል አዳማ አካባቢ ቢተከል ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ውኃ የራሱ ጣጣ አለው፦ ለአዳማ ቅርብ በሆነችው ወንጂ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሰው ጥርስና አጥንት እንደጎዳ የታወቀ ነው። ይኸው ፍሎራይድ አሲድ ባለበት የቲታኒየምን ኦክሳይድ ያሟሟል።

«ሃይድሮጅን ካስፈለገ የአዳማ ነፋስ መች ጠፋ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ከ2012 ጀምሮ 51፣ ከ2015 ጀምሮ ተጨማሪ 153 ሜጋዋት አለ፤ የቆቃ ግድብም ከ1960 አንስቶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በ2018 ለተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውኃን በኤሌክትሪክ የሚከፍል ኤሌክትሮላይዘር ቢተከል መስመር መዘርጋት ይበቃል። ይህ ግን ክርክሬን ያጠነክረዋል፤ ሽቦው ራሱ ልባስ ነውና፣ በናኖሜትር ፈንታ በኪሎሜትር የሚለካ። ብርሃን መቀበሉንና ውኃ መክፈሉን በአንድ ዕቃ ማዋሐድ የገመድና የመቀየሪያ ወጪ ይቀንሳል የሚሉም አሉ። ቁጠባው የሚያዋጣው ዕቃው ሲቆይ ነው። 100 ሰዓት በአዳማ ፀሐይ ሲሰላ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ያውም ማታ ማታ ኤሌክትሮዱ በጨለማ ውኃ ውስጥ ሲያድር የሚደርስበት ዝገት ሳይታሰብ። በመስታወት ታሽጎ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል የፀሐይ ፓነል ግን ከ25 ዓመት ዋስትና ጋር ይሸጣል።